እግር የሌላቸው ሙሽሮች

ሀቪሊ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። ጎረቤት መረቡን ቢጠይቀው ይሰጣል፤ የጎረቤት ጎረቤት ያንኑ መረብ ቢጠይቀው ከመጀመሪያው ሰው ተቀብሎ ይሰጣል። ሚስቱ ሉፔ፣ «አንተን እኮ ዓሣው ራሱ ‹ልቀቀኝ› ቢልህ ትለቀዋለህ» እያለች ትስቅበት ነበር። ሳቋ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ምሬትም ነበረበት። እንግዲህ አባቱ ሲሞት ቫሱቫዎቹ የተተዉት ለዚህ ሰው ነው።

ቫሱቫ ያ ግዙፉ ዛጎል ነው፤ ሁለት ከንፈሩን ወደ ላይ ከፍቶ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ሥጋውን ፀሐይ እያሞቀ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ዕድሜውን የሚፈጅ። ትልቁ ለሁለት ሰው ሸክም ነው። ሥጋው ይጣፍጣል፤ መዘዙም እሱ ነው። ድሮ በደሴታችን ዙሪያ ሞልቶ ነበር ይባላል። ሀቪሊ ልጅ ሳለ ግን እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ነበር የቀረው፤ ትንንሹማ ከጠፋ ቆይቷል። ያኔ ነው አባቱ ፔኒሲማኒ በየኮራሉ አለት ሥር የቀሩትን ሽማግሌ ቫሱቫዎች በጀልባ እየለቀመ፣ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ነጭ አሸዋ ላይ፣ ውሃው ደረት በሚደርስበት ቦታ፣ አጠጋግቶ በክብ የደረደራቸው። ሰው ሁሉ ሽማግሌው አበደ አለ።

«ቫሱቫ እግር የለውም» ይል ነበር ፔኒሲማኒ። «ሰርግ ቤት መሄድ አይችልም። ስለዚህ ሰርጉን ያለበት ድረስ ማምጣት ነው።»

ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ ሲጠጡ የሚያመሹት ወንዶች በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ሽማግሌው ግን የሚናገረውን ያውቃል። ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት አንዱ ቫሱቫ እንደ ወተት የነጣ ነገር ወደ ውሃው ይለቃል፤ ጎረቤቱ ሽታው ሲደርሰው እሱም ይለቃል፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ክቡ በሙሉ። ልጅ የሚሆነው የአንዱ ወተት ከሌላው ሲገናኝ ነው። ርቆ የተቀመጠው ግን ብቻውን ይለቃል፣ ባህሩ ይወስድበታል፣ በቃ። ክቡ ከተሠራ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ሴቶቹ ባህሩ ሲሸሽ ዛጎል ሊለቅሙ ሲወጡ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ቫሱቫዎች በየኮራሉ ስንጥቅ ተሰክተው አገኙ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሳቀ የለም። ክቡን የሚነካ ጠፋ፤ ከክቡ ተወልዶ ያደገውን ግን አገር በላው።

ፔኒሲማኒ ሲሞት ታላቅ እህቱ ኡሄይና ከወዲያኛው ደሴት መጣች። በእኛ ዘንድ የአባት እህት ማለት፣ ምን ልበላችሁ፣ ንጉሥን እንኳ እምቢ ይሉታል፤ እሷን አይሏትም። የወንድሟ ልጅ ያለው ሁሉ የእሷ ነው። ካዘነችበት ደግሞ ኀዘኗ በማሕፀን ላይ ይወድቃል፤ ምጥ ይጠናል፣ ልጅ አይጸናም። እንዲህ ሲባል ነው ያደግነው፤ ቄሱም ቢሆን በዚህ ጉዳይ ሲከራከር አላየሁትም።

በለቅሶው ከአስከሬኑ ራስጌ ተቀመጠች። ምርጥ ምርጡ ሰሌን ለእሷ ተሰጠ። ሀቪሊ የሟች ልጅ ነውና በወጉ መሠረት የተቀዳደደ ትልቅ ሰሌን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ጓሮ ዋለ፤ የጉድጓዱ ምድጃ ጭስ ዓይኑን እየለበለበው ለለቅሶተኛው አሳማና ቦዬ ሲያበስል። እንባው የጭስ ይሁን የሐዘን ለራሱም አልለየለትም። ለቅሶው ሊበተን ሲል አስጠራችው።

«ሀቪሊ።»

«አቤት፣ አክስቴ።» አንገቱን ደፍቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«የወንድሜን ቫሱቫዎች ወስጃቸዋለሁ። የቦዬው ቆፈራ ሲያልቅ ልጄ ፋይቫ ጀልባ ይዞ ይመጣል።»

ይኸው ነው። ለምን ብሎ ነገር፣ ለምን ጉዳይ ብሎ ነገር የለም። የአባት እህት ምክንያት የመስጠት ልማድ የላትም።

«እሺ፣ አክስቴ» አለ ሀቪሊ። ሌላ ምን ይበል!

ቤቱ ገባ። ሉፔ የጎደሬ ቅጠሉን በኮኮናት ወተት አብስላ አቀረበችለት፤ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው።

«ፋይቫ» አለ በመጨረሻ፤ «ያ በሰርግ ላይ አንድ ሙሉ አሳማ ብቻውን የበላው ፋይቫ ነው የሚመጣው?»

«ያውም ጭንቅላቱን ሳያስቀር!» አለች ሉፔ። «ለምን ትጨነቃለህ? እምቢ በላታ።»

«እኔ?»

«አንተማ የእሷን ድመት እንኳ እምቢ አትልም።»

«ሉፔ፣ አትቀልጂብኝ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰባቸው ናቸው። ፋይቫና ወንድሞቹ በአንድ ድግስ ይጨርሷቸዋል። ከዚያ በኋላ ይህ ባህር ምን አለው? ልጆቻችን ምን ይለቅማሉ?»

እምቢ ማለት የማይችል ሰው ግን መደበቅ ይችላል፤ የደካማ ብልሃት መቼ ይታጣል! በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ባልና ሚስት ጀልባቸውን ክቡ ላይ አቆሙ። ሀቪሊ እየጠለቀ ገመድ ያስራል፤ ሉፔ ከላይ ትጎትታለች። እያንዳንዱን ለየብቻው ወሰዱት፤ አንዱን ኮራሉ ተከፍቶ ጀልባ ከሚያሳልፍበት ከባህር በሩ አጠገብ፣ አንዱን ከሰሜኑ ኮራል ሥር፣ አንዱን ሰው ከማይደርስበት ከሰው አልባዋ ደሴት ጀርባ። አንዱ ቢገኝ ሌላው ይተርፋል፤ ይህ ነበር ሐሳቡ። ብዙ ንጋት ፈጀባቸው።

«አባትህ ግን አንድ ላይ ይሁኑ አላለም?» አለች ሉፔ አንድ ጊዜ፣ ገመዱ የላጠውን መዳፏን እያሻሸች።

«ለጊዜው ነው። ፋይቫ መጥቶ እስኪሄድ።»

ፋይቫ በቀጠሮው መጣ። ያ ግዙፍ ሰው ጀልባው ውስጥ ረጃጅም እንጨቶችና የኮኮናት ቅጠል ክምር ይዟል። ሀቪሊ እንጨቶቹን ሲያይ ቫሱቫዎቹን ሊሸከሙባቸው፣ ቅጠሉንም ሥጋቸውን ሊጠቀልሉበት መሆኑን ጠረጠረ። የሠራው ሥራ ትክክል እንደሆነም ያኔ አመነ።

«የሉም፣ ፋይቫ። ሌባ ወሰዳቸው። የውጭ ጀልባ ሳይሆን አይቀርም፤ ሲያንዣብብ ነበር» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ፋይቫ ውሃው ውስጥ ገብቶ ባዶውን አሸዋ አየ። ሲወጣ ፊቱ እንደ ሕፃን ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። «ለእማዬ ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አለ። ምግብ ቀርቦለት ሳይበላ ሄደ። ፋይቫ ሳይበላ ሲሄድ ያኔ የመጀመሪያው ነው፤ ሀቪሊ ይህን ነገር ልብ ሊለው በተገባ።

ከኡሄይና ምንም አልመጣም፤ ቁጣም፣ መልእክትም። ሀቪሊ ዝምታዋን ከጩኸቷ ይልቅ ፈራው። ቫሱቫዎቹንም መልሶ ለመሰብሰብ አልደፈረም። ወሬ ባህር ይሻገራል፤ ክቡ ተመልሶ ታየ ቢባል ሌባው ማን እንደነበረ ሕፃንም ያውቃል። «ለጊዜው» ያለው ነገር እንዲህ ዘላለሙን ሆኖ ቀረ።

የሚገርመው፣ ቫሱቫዎቹ አማረባቸው። በየሳምንቱ የውሃ መነጽሩን አጥልቆ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ይዞራቸው ነበር። በክቡ ውስጥ ተጨናንቀው፣ አንዱ የአንዱን ፀሐይ እየከለለ ቀጭጨው የነበሩት፣ አሁን ለየብቻቸው ሰፊ ቦታ አግኝተው ወፈሩ። የከንፈራቸው ዳር አዲስ ነጭ ዛጎል አወጣ። ሀቪሊ ቤቱ ገብቶ በእጁ እየለካ ለሉፔ ያሳያል።

«ይኸን ታክላለች ያቺ ከሰሜኑ ኮራል ሥር ያለችው! አባቴ አፍኗቸው ነበር እኮ። ቦታ ነበር ያጡት!»

«ሆድ ሲያብጥ ሁሉ ጤና ይመስልሃል» ትለዋለች ሉፔ። እሱ ግን ደስ ብሎት ያድር ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ፣ ሦስተኛው ተጋመሰ። አንድ ቀን ሉፔ ከለቀማ ስትመለስ ቅርጫቷን ደጃፍ ላይ ወረወረችው። ውስጡ ሦስት ተራ ዛጎልና የባህር አረም ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ትንንሹ የለም።»

«የቱ ትንንሽ?»

«የቱ ይለኛል እንዴ! ቫሱቫው ነዋ! እግሬ እንዳይረግጠው ዘልዬ የማልፈው የነበረው። አምና ሲሳሳ አየሁ፣ ዝም አልኩ። ዘንድሮ መዳፍ የሚያክለው የቀድሞው አለ፣ እሱንም እየለቀምነው ነው። ጥፍር የሚያክል ግን አንድ የለም። ሴቶቹ ሁሉ አንድ አላገኙም። ሀቪሊ፣ ባህሩ መክኗል።»

መክኗል ስትል ድምጿ ተሰበረ። ሁለቱም ያሰቡት ስለ ባህሩ ብቻ አልነበረም። ሴት ልጃቸው ካሎላይኔ ካገባች ጀምሮ ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ወርዶባታል። ሀቪሊ ቅርጫቱን ወደ ራሱ ጎትቶ አረሙን አገላበጠ።

«አክስቴ ናት» አለ። «አውቃለች። ረግማኛለች።»

እዩልኝ እንግዲህ! አባቱ በጆሮው ስንት ዘመን የለፈፈውን ነገር ትቶ ርግማን ፍለጋ ሄደ። ግን አልፈርድበትም። ሰው ቀድሞ የሚያየው የሚፈራውን ነው። ቫሱቫዎቹን በዓይኑ ያያቸዋል፤ ወፍረዋል፣ ጤነኛ ናቸው፣ እንከን የላቸውም። ታዲያ ከእነሱ ካልሆነ ጥፋቱ ከማን ነው? ከእሱ፣ ከዋሸው ከእሱ። እንዲህ ብሎ ደመደመ፤ ፈርቶም ደግሞ አንድ ዓመት ዝም አለ።

ዝምታውን የሰበረችው ካሎላይኔ ናት። ለሦስተኛ ጊዜ ፀነሰች፣ ይኸኛው ጸና። ስምንተኛ ወሯ ሲገባ ግን እግሯ አበጠ፣ ዓይኗ ብዥ ይልባት ጀመር። የመንደሩ ነርስ የደም ግፊቷን ለክታ ፊቷ ተለወጠ፤ ከአልጋ እንዳትነሳ አዘዘች። ያን ቀን ሉፔ ባሏ ፊት ቆመች፤ ቀልድ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ሂድ። ለኡሄይና ንገራት። እግሯ ላይ ውደቅ።»

«ብታባርረኝስ?»

«ታባርርህ! ተባርረህ ና። በሰርክ ፍርሃትህ ምክንያት ልጄን አልቀብርም።»

ሀቪሊ አሳማ ጭኖ፣ የካቫ ሥር ይዞ፣ ሉፔ ለልጇ ልጅ ያስቀመጠችውን ምርጥ ሰሌን ጠቅልሎ፣ የለቅሶውን የተቀዳደደ ሰሌን ወገቡ ላይ አስሮ ባህሩን ተሻገረ። ከአክስቱ ደጃፍ ሲደርስ አልገባም፤ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ግንባሩን መሬት አስነካ። ኡሄይና ከውስጥ ሰሌን ትሠራ ነበር። አርጅታለች፤ ጣቶቿ ግን አላቆሙም።

«ማን ሞተ?» አለች የለበሰውን አይታ።

«ማንም አልሞተም፣ አክስቴ። እንዳይሞት ነው የመጣሁት። ቫሱቫዎቹን ሌባ አልወሰዳቸውም። እኔ ነኝ የደበቅኋቸው።»

ጣቶቿ ቆሙ። ፋይቫ ከጓሮ ብቅ ብሎ ነበር፤ እሱም ባለበት ቀረ።

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ወፍረዋል። ፋይቫ እንዳያርዳቸው ብዬ ለየብቻ፣ አራርቄ... ርግማንዎን ያንሱልኝ፣ አክስቴ። ባህሩ መከነ። ካሎላይኔም ታማለች፣ ልትወልድ ነው። እኔን ይቅጡኝ፣ እሷን ይማሯት።»

ኡሄይና ሰሌኑን ከጭኗ ላይ ገፋችው። ከዚያ ድምጿ ቀጥኖ ወጣ።

«እኔ አንተን ረግሜህ አላውቅም። የረገምኩት ሌባውን ነው። በየእሑዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ ‹የወንድሜን ቫሱቫ የወሰደ ቤቱ አይሙላ› ብያለሁ። ሌባው አንተ መሆንህን ማን ነገረኝ፣ አንተ ከይሲ! ካሎላይኔን... የወንድሜን የልጅ ልጅ ነው እንዴ ስረግም የኖርኩት?»

አሮጊቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የአባት እህት ስትደነግጥ ያየ ሰው የለም፤ ሀቪሊ አየ፣ የበለጠም ፈራ።

«ፋይቫ! ጀልባውን! አሁን!» ብላ ተነሳች፤ ከዚያ ዞር ብላ ጣቷን ቀሰረችበት። «የባህሩን ነገር ግን በእኔ አታሳብብ። አባትህ ስለ ቫሱቫ ምን ይል ነበር?»

«እ... ቫሱቫ እግር የለውም፣ ሰርግ ቤት መሄድ አይችልም፣ ስለዚህ ሰርጉን...»

ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። አንዷ ከሰሜን ኮራል ሥር፣ አንዱ ከባህር በሩ፣ አንዱ ከሰው አልባዋ ደሴት ጀርባ፤ እያንዳንዳቸው ወፍረው፣ አምረው፣ በየሙቀቱ ወራት ወተታቸውን ለማንም ሲለቁ ታዩት። ሙሽሮቹን ከሰርጉ ለያይቶ የወሰዳቸው ማን ሆነና! አሸዋውን በጡጫው መታ።

«አዎ» አለች ኡሄይና። «ምቺ ራስሽን፣ አሁን ምቺ!» ሰው ስትንቅ በሴት ጾታ መጥራት ትወድ ነበር።

«ግን እርስዎ... ወስጃቸዋለሁ ብለው አልነበር?»

«አባትህ ነው ወስጃለሁ በይ ያለኝ! ሊሞት ሲል ላከብኝ። ‹ልጄ እምቢ ማለት አይችልም፤ እኔ ዓይኔን ስከድን ለድግስ የለመነው ሁሉ አንድ አንድ እያለ ይጨርሳቸዋል። ያንቺ ናቸው ከተባለ ግን ማን ይነካቸዋል› አለኝ። ልክ ነው፤ የእኔን ማን ይነካል? ፋይቫ እንጨትና ቅጠል ይዞ የመጣው ለምን መሰለህ? በክቡ ዙሪያ እንጨት ተክሎ፣ ቅጠል አስሮ፣ የእኔ ናቸው፣ የተከለከሉ ናቸው ሊል ነዋ! ከዚያች አሸዋ ንቅንቅ ሊሉ አልነበረም!»

ፋይቫ ከኋላ፣ «ቫሱቫ እኮ ሆዴን ያመኛል» አለ በትንሽ ድምፅ። ከልጅነቱ ወዲህ በልቶት አያውቅም ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ አክስቴ?» አለ ሀቪሊ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገባት፤ እያለቀሰ።

«ከመቼ ወዲህ ነው የአባት እህት የምታስረዳው?» አለች። ዓይኑን ግን አላየችውም። ዝቅ አድርጋም፣ «ብነግርህ ምን ነበረበት» አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ።

ማምሻውን ኡሄይና ከካሎላይኔ አልጋ አጠገብ ነበረች። ሁለት እጇን የነፍሰ ጡሯ ሆድ ላይ ጭና፣ «ያልኩትን ሁሉ ትቻለሁ» አለች ጮክ ብላ፣ ማንም እንዲሰማ። ነርሷም መርፌ ወጋቻት። ከሁለቱ የትኛው እንደሠራ እኔ አላውቅም፤ ሉፔ ሁለቱንም አመሰገነች። ሕፃኗ ከቀኗ ቀድማ፣ ትንሽ ሆና፣ ግን እየጮኸች መጣች። በእኛ ወግ ስም የማውጣት መብት የአባት እህት ነው፤ በቤቱ ያለችው ደግሞ የሀቪሊ የአባት እህት ነበረች። ሁሉም ኡሄይናን አየ።

«አሁን አይደለም» አለች። «መጀመሪያ ቫሱቫዎቹ ይሰብሰቡ። ስሟን ያኔ ትሰማላችሁ።»

ፋይቫና ሀቪሊ ጀልባ ይዘው ወጡ። ከባህር በሩ አጠገብ የነበረው ተፈልጎ ታጣ፤ የጀልባ መልሕቅ የጎተተው የኮራል ስብርባሪ ብቻ ነበር። ሌላው ቦታ ላይ ባዶ ዛጎል አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው፤ በቢላ የተፋቀ መሆኑ ያስታውቃል። ሀቪሊ መንደር ገብቶ ሲጠይቅ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎረቤቱ ያለ ምንም ሐፍረት አመነ።

«እኔ ነኝ። ቆንጆ ነበር። ምነው?»

«የአባቴ ቫሱቫ እኮ ነው!»

«ምን ልወቅልህ፣ ሀቪሊ? የአባትህ ክብ ውስጥ ቢሆን እጄን አልሰድም ነበር። ብቻውን የተቀመጠ ቫሱቫ የማን ነው? ያገኘው ሰው ነዋ።»

ሀቪሊ ወደ ጀልባው ተመለሰ። እንዲህ እያለ ነው ያለቀው። አንዱን ማዕበል ገልብጦታል፣ ሌላውን አሸዋ ቀብሮታል፣ የቀረውን ያገኘው ሁሉ በልቶታል። በክብ ሳሉ ስም ነበራቸው፤ ሲበተኑ ስማቸውም ተበተነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ተረት ሲነገር እየሰማ ያደገ ሰው፣ ተረቱ በራሱ ላይ ሲፈጸም አላየም። ጀልባው የተመለሰው አራት ቫሱቫ ይዞ ነው። አራቱም ግዙፍ፣ አራቱም ያማሩ፤ ለዓይን የሚያሳሱ። ፔኒሲማኒ የተወው ባህር ዳሩን የሚሞላ ነበር።

አራቱን ቀድሞ ክቡ በነበረበት አሸዋ ላይ አፍ ለአፍ አጠጋግተው አስቀመጧቸው። ክብ እንኳ አልሠሩም። ፋይቫ እነዚያን እንጨቶች በዙሪያቸው ተከለ፣ ቅጠሉን አሰረ። ኡሄይና ባህር ዳር ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አየች፤ ሕፃኗ ክንዷ ላይ ተኝታለች። መንደሩ በሙሉ ስሙን ሊሰማ ተሰብስቦ ነበር።

«ስሟ ፋካታሃ ነው» አለች።

በእኛ ቋንቋ አንድ ላይ መሰብሰብ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ተንሾካሾከ፤ ደስ የሚል ስም ነው፣ ምርቃት ነው አለ አንዳንዱ። ካሎላይኔ ፈገግ አለች። ኡሄይና ግን ሀቪሊን ብቻ ነበር የምታየው።

«ለምርቃት እንዳይመስልህ» አለችው ዝግ ባለ ድምፅ፣ እሱ ብቻ በሚሰማው። «ለቅጣት ነው። ይህችን ልጅ በጠራህ ቁጥር ምን እንደበተንክ ታስታውሳለህ። እኔም ባለሁበት ሆኜ አስታውሳለሁ። ሁለታችን ነን ያጠፋነው፤ እኔ ግን ቀድሜህ እሞታለሁ፣ የምትጠራት አንተ ነህ።»

እንዳለችውም ሞተች፣ ዓመቱ ሳይዞር።

የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ሀቪሊ በየቀኑ ከአራቱ ጋር ውሃ ውስጥ ዋለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ትልቋ፣ ያቺ ከሰሜኑ ኮራል ሥር የመጣችው፣ ተሸማቀቀች፣ ከዚያም ነጩን ለቀቀች። ሀቪሊ ጠጋ አለ። ነጩ ተነሳ፣ ተንሳፈፈ፤ ግን የዚያን ቀን ውሃው ወደ ባህር በሩ ይጎትት ነበርና ከሦስቱ ጎን አልፎ፣ ድሮ ሌሎቹ በነበሩበት ባዶ አሸዋ ላይ አቋርጦ ሊሄድ ሆነ። ሀቪሊ ቀድሞት ዋኘ። በሁለት እጁ ውሃውን ወደ ሦስቱ መግፋት፣ ማራገብ ጀመረ፤ እስትንፋሱ እስኪያልቅ፣ ወጥቶ ተንፍሶ ተመልሶ እስኪያልቅ። «እባካችሁ!» ይል ነበር ውሃ ውስጥ፣ አረፋ እየወጣው። አንዷ በመጨረሻ ትንሽ መለሰች፤ ያየው ይሁን የተመኘው እርግጠኛ አይደለም። የቀሩት ሁለቱ ከንፈራቸውን ገጥመው ዝም አሉ። ነጩ ተበትኖ ውሃው ጠራ።

ይህ ከሆነ ወዲህ የሙቀቱ ወራት ሁለት ጊዜ መጥቶ አለፈ። ዛሬም ባህሩ በሸሸ ቁጥር ሉፔ ቅርጫቷን ይዛ ትወጣለች፣ በየስንጥቁ ጎንበስ እያለች ትፈልጋለች። ስትመለስ ሀቪሊ ደጃፉ ላይ ሆኖ ፊቷን ያያል። እሷም ሳይጠይቃት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ወደ ቤት ትገባለች።

ትላንት ልጅቷ መራመድ ከለመደች ወዲህ እንደምታደርገው ወደ ውሃው ዳር ሮጠች። ባህሩ እየተመለሰ ነበር፤ ሞገዱ ቁርጭምጭሚቷን ነካ፣ እየሳቀች ገፋች፣ ወደ እንጨቶቹ። ሴቶቹ በሙሉ ባህር ዳር ነበሩ፣ ያ ቫሱቫውን የበላው ጎረቤትም መረቡን ይጠግን ነበር።

«ጥራት እንጂ!» አለች ሉፔ ከደጃፉ። «ሀቪሊ፣ ልጅቷን ጥራት፣ ውሃው ይወስዳታል!»

ሀቪሊ አፉን ከፈተ። ፋካታሃ የሚለው ስም አልወጣ አለው። መንደሩ ሁሉ እያየው በሩጫ ውሃው ውስጥ ገብቶ በእጁ ያዛት።